ብሌዝ ፓስካልና የሊማሊሞ ፍሪሲዮን

አፄ ፋሲል ጎንደርን መናገሻቸው አድርገው በቆረቆሩበት በ1636 ብሌዝ ፓስካል ፓሪስ ውስጥ በአባቱ እጅ የሚማር የ13 ዓመት ልጅ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ንጉሡ በ1632 ነግሠው በ1667 አረፉ፤ ፈረንሳዊው ደግሞ በ1623 ተወልዶ በ1662 ሞተ። አንዱ የሌላውን ስም ሳይሰማ አንድ ዘመን ኖረው አለፉ። ይሁን እንጂ ዛሬ ጎንደር ውስጥ አሮጌ ላንድክሩዘር ሥር ተንጋሎ የፍሪሲዮን ዘይት የሚያስተነፍስ መካኒክ፣ ስሙን ሰማም አልሰማም፣ የሚሠራው በዚያ ሰው ሕግ ነው።

ፓስካልን ብዙዎቻችን የምናውቀው ከፊዚክስ መማሪያ መጽሐፍ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ሥዕል፣ አንድ የፈተና ጥያቄ። ሰውየው ግን ከዚያ በላይ ነበር፤ ኑሮውም ከመጽሐፉ ሥዕል ይልቅ ሕመም፣ እልህና ብረታ ብረት የበዛበት ነው።

የተወለደው ሰኔ 19 ቀን 1623 በመካከለኛው ፈረንሳይ፣ በደጋማው የኦቬርኝ ግዛት፣ ክሌርሞን በተባለች ከተማ ነው። ከከተማዋ በስተምዕራብ የጠፉ እሳተ ገሞራዎች ተደርድረው ይታያሉ። እናቱ የሞተችው ገና በሦስት ዓመቱ ነበር። አባቱ ኤቲየን ፓስካል የግብር ጉዳይ ዳኛና የሒሳብ ሊቅ ነበር፤ ዳግመኛ ሳያገባ ሦስት ልጆቹን ይዞ በ1631 ፓሪስ ገባ። ብሌዝን ትምህርት ቤት አላስገባውም፤ ራሱ አስተማረው። ልጁ በሒሳብ ተጠምዶ ቋንቋዎቹን እንዳይረሳ የሒሳብ መጻሕፍትን ደበቀበት። ታላቅ እህቱ ዢልቤርት እንደምትተርከው ግን ልጁ በ12 ዓመቱ ወለሉ ላይ በከሰል እየሣለ የጂኦሜትሪን ሀሳብ በራሱ መንገድ ሲደርስበት ተገኘ። በ16 ዓመቱ ስለ ሾጣጣ ቅርጾች የጻፈው አንድ ገጽ ወረቀት በ1640 ታተመ።

በዚያው ጊዜ አባትየው በሰሜን ፈረንሳይ ሩዋን ከተማ የግብር ሹም ሆኖ ተመድቦ ነበር። የግብር ሥራ የቁጥር ሥራ ነው፤ የፈረንሳይ ገንዘብ ደግሞ በአሥር በአሥር የሚቆጠር አልነበረም። አንድ ሊቭር 20 ሶል፣ አንድ ሶል 12 ዴኒዬ ነው። አባት ሌሊቱን በሒሳብ ሲያድር ያየው ልጅ በ1642 በ19 ዓመቱ ጥርሳም ጎማዎች ያሉት የሒሳብ መሣሪያ መሥራት ጀመረ። ችግሩ መደመሩ አልነበረም፤ ዘጠኝ ሲሞላ አንዱን ወደ ቀጣዩ ቤት የሚያሻግረው ክፍል ነበር። ብዙ ጎማዎች በአንድ ጊዜ መዞር ሲኖርባቸው መሣሪያው ይነክስና ይቆማል። ፓስካል በክብደቱ ወድቆ ቀጣዩን ጎማ የሚገፋ ትንሽ ክንድ ፈለሰፈና መፍትሔ አገኘ። ለዚህ ሲል ከእንጨት፣ ከዝሆን ጥርስና ከነሐስ ወደ 50 የሚጠጉ ሞዴሎች ሠርቷል።

በመካከሉ አንድ የሩዋን ሰዓት ሠሪ ወሬውን ሰምቶ መሣሪያውን አስመስሎ ሠራ። ከውጭ ሲታይ ያምራል፤ ውስጡ ግን አይሠራም። ፓስካል በዚህ እጅግ ተቆጥቶ ሠራተኞቹን በትኖ ሥራውን አቋረጠ፤ በኋላ የመንግሥቱ ቻንስለር ሴጊዬ አበረታተውት ቀጠለ። በ1649 ሌላ ሰው እንዳይሠራው የሚከለክል የንጉሥ ፈቃድ አገኘ። ያም ሆኖ ዋጋው ውድ ስለነበር ገበያ አልነበረውም። ዛሬ በሙዚየሞች ተጠብቀው የሚገኙት ከአሥር ያነሱ ናቸው። ይህችን የሰዓት ሠሪ ታሪክ አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ እጅ ያለ ሀሳብ የሚያደርሰውን ጉዳት ጋራዥ የገባ ሁሉ ያውቀዋል። በእርግጥ ፓስካል ራሱ ነሐሱን የሚሞርዱለት የእጅ ባለሙያዎች ባይኖሩ ኖሮ ሀሳቡ ወረቀት ላይ ይቀር ነበር።

አሁን ወደ ተራራው እንሂድ። በ1640ዎቹ ኢጣሊያዊው ቶሪቼሊ በሜርኩሪ የተሞላ የመስተዋት ቱቦ ሜርኩሪ ባለበት ሳህን ላይ ሲገለብጥ ሜርኩሪው ወርዶ ወርዶ 76 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ቆመ። ከበላዩ ባዶ ቦታ ቀረ። የጊዜው ሊቃውንት ተፈጥሮ ባዶነትን ትጠላለች ብለው ያስተምሩ ስለነበር ነገሩ ትልቅ ክርክር አስነሳ። ፓስካል ሜርኩሪውን አንጠልጥሎ የያዘው የተፈጥሮ ጥላቻ ሳይሆን ሳህኑን የሚጫነው የአየር ክብደት ነው የሚለውን አመነ። ማመን ግን አላረካውም። የአየር ክብደት ከሆነ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚያንስ ሜርኩሪው ዝቅ ማለት አለበት፤ የተፈጥሮ ጥላቻ ከሆነ ደግሞ ተፈጥሮ ከተራራ ሥር ይልቅ ከተራራ ጫፍ ላይ ባዶነትን በትንሹ የምትጠላበት ምክንያት የለም።

ፓስካል ራሱ በሽተኛ ነበር፤ ከ18 ዓመቱ ጀምሮ ያለ ሕመም የዋለበት ቀን ጥቂት ነው ይባላል። ስለዚህ በትውልድ አገሩ ለሚኖረው ለዢልቤርት ባል ለፍሎረን ፔሪዬ ጻፈለት። መስከረም 19 ቀን 1648 ፔሪዬ የከተማውን ታዋቂ ሰዎች ይዞ 1ሺህ 465 ሜትር ከፍታ ያለውን ፒዩ ደ ዶም ወጣ። ከመውጣቱ በፊት ግን በአንድ ገዳም የአትክልት ስፍራ ሁለት ቱቦዎችን አዘጋጅቶ እኩል መሆናቸውን ካየ በኋላ አንዱን እዚያው ተወው፤ አንድ መነኩሴም ቀኑን ሙሉ እንዲጠብቀው አደረገ። ተራራው ጫፍ ላይ ሜርኩሪው ከታች ከነበረው በ8 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ተገኘ። ፔሪዬ አላመነም፤ ጫፉ ላይ ቦታ እየለዋወጠ ደጋግሞ ለካ። ሲወርዱ ገዳሙ ውስጥ የቀረው ቱቦ ከጠዋት እስከ ማታ ንቅንቅ አላለም ነበር።

ሙከራውን ሙከራ ያደረገው ያ መነኩሴ ይመስለኛል። እሱ ባይኖር ተቃዋሚው የአየሩ ጠባይ በቀን ውስጥ ተለውጦ ይሆናል ማለት ይችል ነበር።

ፔሪዬ የጎንደር ሰው ቢሆን ኖሮ ብዙም አይደክምም ነበር። በስሌት ስንሄድ ቱቦው 2ሺህ 100 ሜትር ግድም ከፍታ ባላት ጎንደር ወደ 59 ሴንቲ ሜትር፣ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አልፎ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ 2ሺህ 800 ሜትር ላይ በምትገኘው ደባርቅ ደግሞ ወደ 54 ሴንቲ ሜትር ያሳያል። ጎንደር ላይ ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ የሚፈላው፣ ደባርቅ ላይ ሽሮው ቶሎ የማይበስለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ፓስካል ከአየር ወደ ፈሳሽ ተሻገረ። በ1653 እና በ1654 ግድም ስለ ፈሳሾች ሚዛን አጭር መጽሐፍ ጻፈ። በመጽሐፉ ውስጥ በሁሉም አቅጣጫ የተዘጋና በውሃ የተሞላ ዕቃ አለ፤ ሁለት ቀዳዳዎች አሉት፤ አንዱ ከሌላው መቶ እጥፍ ይሰፋል። በሁለቱም ላይ ልክክ ያለ ፒስተን ቢደረግና ትንሹን አንድ ሰው ቢገፋው፣ ትልቁን ከሚገፉ መቶ ሰዎች ጋር ይመጣጠናል። ግፊቱ በፈሳሹ ውስጥ ሳይቀነስ በሁሉም አቅጣጫ ይደርሳልና። ፓስካል ወዲያው የተናገረው ሁለተኛ ነገር አለ፤ ትንሹ ፒስተን መቶ ጣት ሲሄድ ትልቁ የሚሄደው አንድ ጣት ብቻ ነው። ኃይል ያተረፈ ርቀት ይከፍላል። ተማሪዎች የመጀመሪያውን ይሸመድዱና ሁለተኛውን ይረሱታል። የፍሪሲዮን ብልሽት በሙሉ ማለት ይቻላል ያለው ግን በሁለተኛው ውስጥ ነው።

እንግሊዛዊው ጆሴፍ ብራማ በ1795 በዚህ ሕግ የሚሠራ መጭመቂያ ፈቃድ አወጣበት። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሜሪካዊው ማልኮም ሎክሂድ ለመኪና ፍሬን አዋለው። ከዚያ ወደ ፍሪሲዮን መጣ። ፔዳሉ በላይኛው ፓምፕ ውስጥ ያለችውን ፒስተን ይገፋል፤ ዘይቱ በቀጭን ቱቦ ወርዶ ካምቢዮው ጎን የተቀመጠውን የታችኛውን ፓምፕ ይገፋል፤ እሱም ሹካውን፣ ሹካው ኩሽኔታውን ገፍቶ ሸራውን ከሞተሩ ያላቅቀዋል። ለምሳሌ የላይኛው ፓምፕ ስፋት 16፣ የታችኛው 20 ሚሊ ሜትር ቢሆን ኃይሉ በአንድ ተኩል ጊዜ ያህል ይጨምራል፤ የላይኛው 25 ሚሊ ሜትር ሲሄድ ግን የታችኛው የሚሄደው 16 ብቻ ነው። እንግዲህ ከዚህች 16 ሚሊ ሜትር ላይ አንዲት የአየር አረፋ አራት አምስቱን ብትበላ ሸራው ሙሉ በሙሉ አይላቀቅም።

ይህ በጎንደር ፒያሳ ማርሽ እያንፋጨ የሚያሳፍር ነገር ይሆናል። በሊማሊሞ ግን ሌላ ነው። ኢጣሊያኖች በአምስቱ ዓመት ወረራ ገደሉን ፈልፍለው ባወጡት በዚያ መንገድ ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወርድ ሾፌር መኪናውን የሚይዘው በፍሬን ሳይሆን በማርሽ ነው። ሦስተኛውን አውጥቶ ሁለተኛውን ሊያስገባ ሲል ፍሪሲዮኑ ካልተላቀቀና ማርሹ አልገባም ካለ መኪናው ፎሌ ሆኖ ቁልቁል መንሸራተት ይጀምራል፤ የቀረው ፍሬኑ ብቻ ነው፤ ፍሬኑም ይግላል። በአንዳንድ መኪኖች የፍሬኑና የፍሪሲዮኑ ዘይት የሚቀዳው ከአንድ ጣሳ ስለሆነ አንዱ ሲያንጠባጥብ ሌላውንም ይዞ ይሄዳል።

ታዲያ ጥሩ መካኒክ ከየት ይጀምራል? ከሁሉ አስቀድሞ ፍሪሲዮኑ አልላቀቅ ነው ያለው ወይስ አልይዝ? ወደ አምባ ጊዮርጊስ በሚያስወጣው አቀበት ሞተሩ እየጮኸ መኪናው የማይፈጥን ከሆነ ሸራው አልቋል ወይም ዘይት ነክቶታል። ሞተሩ ሲጠፋ ማርሹ ያለ ችግር እየገባ፣ ሲነሳ ግን የሚያንፋጭ ከሆነ ሸራው አልላቀቅ ብሏል፤ ነገሩ ከፓስካል ዕቃ ጋር ነው ማለት ነው።

ቀጥሎ የዘይት ጣሳው ይታያል። ከጎደለ የሆነ ቦታ ፈስሷል። በፔዳሉ በኩል ያለው ምንጣፍ ከረጠበ የላይኛው ፓምፕ ነው፤ የታችኛው ፓምፕ የጎማ ቆብ ገለጥ ሲደረግ ዘይት ከወረደ ደግሞ የታችኛው ነው። ዘይቱ ሳይጎድል እግር ፔዳሉ ላይ ረግቶ እያለ ፔዳሉ ቀስ እያለ የሚሰጥም ከሆነ የላይኛው ፓምፕ ውስጥ ያለችው ጎማ አልቃ ዘይቱ በጎኗ እየሾለከ ወደ ኋላ እየተመለሰ ነው። ይኼኛው ብዙ ሰው ያታልላል፤ ምክንያቱም የሚታይ ፍሳሽ የለም። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ሆኖ ቶሎ ቶሎ ሲረገጥ የሚጠነክር ከሆነ አየር ገብቷል። ረዳቱ ፔዳሉን ሲረግጥ ተጣጣፊው የጎማ ቱቦ የሚያብጥ ከሆነም ግፊቱ እዚያ እየባከነ ነው። ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ የታችኛው ፓምፕ ዘንግ ሙሉ መንገዱን እየሄደ አሁንም ማርሹ ካልገባ ብቻ ነው ብልሽቱ ውስጥ፣ ሹካው፣ ኩሽኔታው ወይም ሸራው ጋ ነው የሚባለው። ካምቢዮ የሚወርደው ያኔ ነው። ብዙ ባለመኪና ግን ከዚህ ይጀምርና ለአንዲት ትንሽ ጎማ ብሎ የካምቢዮ ማውረጃ ይከፍላል።

አየር ማስወጣት የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ፔዳሉን ረግጦ ይይዛል፤ ሌላው የታችኛውን ፓምፕ ማስተንፈሻ በቺያቬ ፈታ ያደርጋል፤ ከማስተንፈሻው የወጣችው ቀጭን ቱቦ ጫፏ ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ተነክሯል። አረፋ ይወጣል። ማስተንፈሻው ከተዘጋ በኋላ ነው ፔዳሉ የሚለቀቀው፤ ቀድሞ ከተለቀቀ አየሩ ተመልሶ ይገባል። አረፋው እስኪያበቃ ይደጋገማል፤ ጣሳው እንዳይደርቅ በየመሃሉ ይሞላል። የሚሞላው የፍሬን ዘይት ነው። በችግር ጊዜ የሞተር ዘይት የሚጨምሩ አሉ፤ ጎማዎቹን አሳብጦ ሁሉንም ያበላሻል። ውሃም እንዲሁ፤ ፓምፑን ያዝገዋል፤ በከፍታ ላይ ደግሞ ቶሎ ይተናል። የፍሬን ዘይት ራሱ ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል፤ ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሳለ ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን 140 ላይ ሊፈላ ይችላል።

ሾፌሮች ፍሪሲዮን ደጋ ላይ ይለሰልሳል ሲሉ ይሰማል። ፓስካልና ፔሪዬ ይህን ሲሰሙ ፈገግ ባሉ ነበር። ቱቦው ውስጥ የቀረች አረፋ ከዛሪማ ቆላ ወደ ደባርቅ ስትወጣ የአየሩ ጫና ስለሚቀንስላት አንድ አምስተኛ ያህል ትሰፋለች። ስለዚህ ወሬው መሠረት አለው። ነገር ግን አረፋ በሌለበት ቱቦ ውስጥ ከፍታው ምንም አያደርግም፤ ደጋው ብልሽቱን አጋለጠው እንጂ አልፈጠረውም። ደግሞም ሦስቱን ዕቃ ባንዴ ለውጦ ተሠራ የሚል መካኒክ የትኛው እንደተበላሸ ፈጽሞ አያውቅም፤ ፔሪዬ አንዱን ቱቦ ከመነኩሴው ጋር የተወው እንዲህ ያለ ነገር እንዳይደርስበት ነው።

ፓስካል ግን በዚህ መንገድ አልቀጠለም። አባቱ በ1646 በረዶ ላይ ወድቆ ሲጎዳ ያስታመሙት ወጌሾች ዣንሰኒስት የሚባለው ጥብቅ የካቶሊክ እንቅስቃሴ ተከታዮች ነበሩ፤ ቤተሰቡን ወደዚያ ሳቡት። አባቱ በ1651 ሞተ፤ የሚወዳት ታናሽ እህቱ ዣክሊን በዓመቱ መጀመሪያ ፖር ሮያል ገዳም ገባች። ብቻውን ቀረ። በ1654 ከፌርማ ጋር ስለ ቁማር ዕድል በደብዳቤ ተጻጽፎ የፕሮባቢሊቲን ሒሳብ መሠረተ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር 23 ሌሊት ደግሞ የሃይማኖት መገለጥ ደረሰበትና የጻፈውን ወረቀት ልብሱ ውስጥ ሰፍቶ እስኪሞት ይዞት ዞረ። ማንም አያውቅም ነበር፤ ከሞተ በኋላ ነው የተገኘው።

በ1656 እና በ1657 ዣንሰኒስቶቹን ደግፎ በብዕር ስም ባወጣቸው 18 ደብዳቤዎች ዬሱሳውያንን አብጠለጠላቸው። በጎንደር በኩል ይህ ስም የታወቀ ነው። ፓስካል በተወለደ ጊዜ አፄ ሱስንዮስ የእነሱን እምነት ተቀብለው አገሩ በደም ይታጠብ ነበር፤ አፄ ፋሲል በ1630ዎቹ መጀመሪያ ነው ያባረሯቸው። የፓስካል ደብዳቤዎች በቫቲካን ተወገዙ፤ በ1660ም በንጉሡ ትእዛዝ ተቃጠሉ። ሁለቱ ሰዎች ከአንድ ማኅበር ጋር የተጣሉበት ምክንያት ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው፤ አንዱ የመንግሥቱንና የቤተክርስቲያኑን ሰላም፣ ሌላው የኃጢአትንና የጸጋን ትምህርት ይዞ ነው።

የመጨረሻ ሥራው ደግሞ፣ የሚገርመው፣ የከተማ ትራንስፖርት ነው። መጋቢት 18 ቀን 1662 ፓስካልና ወዳጁ የሮዋኔዝ መስፍን ባቋቋሙት ማኅበር በፈረስ የሚጎተቱ ሠረገላዎች በፓሪስ በተወሰነ መስመር፣ በአምስት ሶል ታሪፍ ሥራ ጀመሩ። ሰው ሞላም አልሞላም ሰዓታቸውን ጠብቀው ይነሱ ነበር። ይህን ለሚኒባስ ረዳቶቻችን መንገር ይከብዳል። የፓሪስ ፍርድ ቤት ወታደሮችና አሽከሮች እንዳይሳፈሩ ከለከለ፤ ተራው ሕዝብም በዚህ ተቆጣ። አገልግሎቱ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ጠፋ። ፓስካል ከትርፉ ድርሻው ለብሎዋ ከተማ ድሆች አስቀድሞ እንዲከፈልለት ጠይቆ ነበር።

ዣክሊን በ1661 ጥቅምት ሞታ ነበር። በ1662 ክረምት እቤቱ ያስጠጋቸው ድሃ ቤተሰቦች ልጅ ፈንጣጣ ሲይዘው እነሱን ከማስወጣት ራሱ ወጥቶ ወደ ዢልቤርት ቤት ሄደ። ከዚያ አልተመለሰም። ነሐሴ 19 ቀን 1662 በ39 ዓመቱ ሞተ፤ ምን እንደገደለው ሐኪሞች ዛሬም ይከራከሩበታል። የተቀበረው በፓሪስ ቅዱስ ኤቲየን ዱ ሞን ቤተክርስቲያን ነው። የፈሳሾች ሚዛን መጽሐፉ ሲታተም አላየም። ወረቀቶቹን ሰብስቦ በ1663 ያሳተመው ያን ጊዜ ቱቦውን ይዞ ተራራ የወጣው ፔሪዬ ነው።